መረሬ ላይ የተኛ ውሃ፦ ለሞዴል አውሮፕላን ሜዳችሁ ምን ይበጃል?

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር ሱሉልታ ሜዳ ላይ በተከራዩት የግጦሽ መሬት በሬዲዮ የሚመሩ ሞዴል አውሮፕላኖችን ያበርራሉ። ለመነሻና ለማረፊያ የሚጠቀሙበት 100 ሜትር ርዝመትና 15 ሜትር ስፋት ያለው፣ ሣሩ አጥሮ የታጨደ ቦታ ነው። ይህ ሜዳ ከኅዳር እስከ ግንቦት እንከን አይወጣለትም፤ ከሐምሌ ጀምሮ ግን ውሃ ይተኛበታል፣ ከአንድ ከባድ ዝናብ በኋላም ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳይጠነፍፍ ይቆያል። ባለፈው ሳምንት አንድ አውሮፕላን ሲያርፍ የፊት እግሩ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ተገንጥሏል። ከመካከላቸው አንዱ ሦስት ገልባጭ አሸዋ ይደፋበት ይላሉ፤ ሌላው የተበሳሳ የፕላስቲክ ቱቦ እንቅበር ይላሉ፤ ሦስተኛው ደግሞ ውሃው እንዲሰርግ በየቦታው ጉድጓድ እንቆፍር ባይ ናቸው። የትኛው ይሻላል?

እንደኔ ከሦስቱ አንዱም አይሻልም። ሦስቱም የቆሙት ውሃው መንገድ ካገኘ ወደ ታች ይወርዳል በሚል ተስፋ ላይ ሲሆን፣ በእናንተ አፈር ላይ በክረምት ውሃ ወደ ታች የሚወርድበት መንገድ የለም። ልትሠሩለት የሚገባው ወደ ጎን የሚሄድበትን መንገድ ነው። ይህን ከተቀበላችሁ የቀረው ሥራ የልኬትና የወቅት ጉዳይ ነው፤ ካልተቀበላችሁት ግን በየዓመቱ ገንዘብ እያፈሰሳችሁ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ እዚያው ጭቃ ውስጥ ትገኛላችሁ።

አፈሩ በሸዋ መረሬ ወይም ኮትቻ፣ በጎንደርና በጎጃም ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው፤ የአፈር ተመራማሪዎች ቨርቲሶል ይሉታል። በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሸፍን ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ የሚበዛው የሚገኘው በደጋው ነው። ሲመዘን አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ደቃቅ ሸክላ ነው። ይህ ሸክላ ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር ዓይነት በመሆኑ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ከእናንተ መካከል የካቲት ላይ ብሎን ወይም የክንፍ ማሰሪያ ወድቆበት ስንጥቅ ውስጥ የገባበት ሰው እንደማይጠፋ እገምታለሁ። የግንቦትና የሰኔ ዝናብ በእነዚህ ስንጥቆች ስለሚገባ ሜዳው ደህና የሚጠጣ ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚታለለውም በዚህ ጊዜ ነው። አፈሩ ጠጥቶ ሲያብጥ ስንጥቆቹ ይገጥማሉ። ሐምሌ ሲጋመስ የሜዳው ፊት ከተለቀለቀ የሸክላ ድስት ብዙ አይለይም።

ይህን በቃሌ እንድትቀበሉኝ አልፈልግም፤ አሁኑኑ ልታዩት ትችላላችሁ። ውሃ ካልተኛበት ጠርዝ አንድ ክንድ የማይሞላ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ውሃ ሞልታችሁ አፉ ላይ እንጨት አጋድሙ፣ ዝናብ እንዳይገባበትም ሸፍኑት። በነጋታው ጠዋት ውሃው ከሞላ ጎደል በነበረበት ልክ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ሦስተኛው ወዳጃችሁ ያሰቡት የማስረጊያ ጉድጓድም የሚሆነው ይኸው ነው። ውሃ ይሞላል፣ ይቆማል፣ ከዚያም ሣር ይሸፍነውና የሰው እግር ወይም የጎረቤት ጥጃ ይሰብራል።

ሁለት ሳምንት ለምን እንደሚፈጅም ሒሳቡ ያስረዳል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በሐምሌና በነሐሴ በየወሩ 250 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ ይህ በቀን ሲካፈል 8 ሚሊ ሜትር ነው። ሰማዩ በደመና በተሸፈነበት በዚህ ወቅት ፀሐይና ነፋስ በቀን ሊያነሱ የሚችሉት ግን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ወደ ታች ካልሰረገና ወደ ጎን ካልወጣ፣ አንድ ቀን የዘነበ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሌላ ጠብታ ባይጨመርበት እንኳ ለመድረቅ አሥር ቀን ይፈልጋል፤ ሌላ ጠብታ የማይጨመርበት አሥር ቀን ደግሞ በሐምሌ የት ይገኛል? የዚያ አንድ ቀን ዝናብ በእናንተ 1,500 ካሬ ሜትር ላይ ብቻ 45,000 ሊትር ነው፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል ቢቆጠር 225 በርሜል ይሆናል። ከተዳፋቱ ወርዶ የሚገባባችሁን ጎርፍ ገና አልቆጠርኩም።

አሸዋውን በተመለከተ፣ ሦስት ገልባጭ ማለት ቢበዛ 48 ሜትር ኩብ ነው፤ ሜዳው ላይ ሲበተን ውፍረቱ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በመጀመሪያው ክረምት ከረገጣችሁት ጭቃ ጋር ይቦካና በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ያለውን ክፍተት ደቃቁ ሸክላ ይሞላዋል። አሸዋ የበዛበት አፈር እንደ አሸዋ ውሃ የሚያሳልፈው ሸክላው እጅግ ሲያንስ ነው፤ ትንሽ አሸዋ በብዙ ሸክላ ውስጥ ሲገባ የምታገኙት ለጡብ የሚስማማ ጭቃ ነው። ጎድጎድ ያሉትን ቦታዎች ብቻ እንሙላ ብትሉም አሸዋው ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፤ ከላይ ደረቅ መስሎ የአውሮፕላኑን ጎማ የሚውጠው እንዲህ ያለው ቦታ ነው።

አንድ የግንባታ ባለሙያ ብታማክሩ መረሬውን ግማሽ ሜትር ቆርጣችሁ ጣሉና በገረጋንቲ ሙሉት ሊላችሁ ይችላል። ለቤት መሠረት ትክክል ነው። ለእናንተ ግን 750 ሜትር ኩብ፣ ማለትም ወደ 47 ገልባጭ ገረጋንቲ ማለት ነው። ያም ሁሉ ወጥቶበት ሸክላ ውስጥ የተቆፈረና መውጫ የሌለው ገንዳ ስለሚሆን የዙሪያውን ውሃ ይሰበስባል። በዚያ ላይ መሬቱ የተከራያችሁት ግጦሽ ነው፤ ለባለቤቱ ስትመልሱ ምን አድርጋችሁ ልትመልሱ ነው?

የቱቦውን ነገር ትንሽ ላብራራው፣ ምክንያቱም እኔም በወጣትነቴ ተሳስቼበታለሁ። አንድ የትምህርት ቤት ኳስ ሜዳ ላይ በየአምስት ሜትሩ ቦይ አስቆፍሬ የተበሳ ቱቦ፣ በዙሪያውም ጠጠር አስቀብሬ፣ ከላይ ያንኑ ጥቁር አፈር መለስኩበት። ነሐሴ ላይ ሄጄ ሳይ ሜዳው ላይ ውሃ እስከ ቁርጭምጭሚት ተኝቷል፤ የቱቦው አፍ ግን ደርቆ ሸረሪት አድርታበት ነበር። በአካፋ ገለጥ ሳደርገው የላይኛው አንድ ስንዝር ጭቃ ነው፤ ከዚያ በታች አፈሩ እርጥበት ብቻ ያለው ድድር ሲሆን ጠጠሩ ጋ ስደርስ አቧራው ገና አልታጠበም ነበር። ውሃው ከቱቦው ግማሽ ሜትር ርቆ ቆሞ ሊደርስበት አልቻለም። ቱቦ ውሃ የሚያሳልፍ አፈር ሲኖር የሚሠራ መፍትሔ ነው። ጂፕሰም በትኑበት የሚላችሁም ሊኖር ይችላል፤ እሱ ሶዲየም ለበዛበት ሸክላ የሚሰጥ መድኃኒት ሲሆን፣ የደጋው መረሬ ግን በአብዛኛው ካልሲየም የሞላበት ስለሆነ የረባ ለውጥ አያመጣም።

የሚሠራውን ነገር ከእኔ በፊት ገበሬው ያውቀዋል። በጎጃምና በጎንደር ማሳን አግድም ሰያፍ የሚያቋርጡ፣ በማረሻ የሚወጡ ፈሰሶች አሉ፤ ሥራቸው ትርፉን ውሃ ከማሳው ማውጣት ነው። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ገበሬው ከነቤተሰቡ አፈሩን በእጁ እያፈሰ ሰፊ መደብና ቦይ ያወጣል፤ ሰብሉ መደቡ ላይ ይበቅላል፣ ውሃው በቦዩ ይሄዳል። በ1980ዎቹ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማዕከል ከአገር ውስጥ ተቋማት ጋር ሆኖ ሁለት ማረሻ አጣምሮ በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሠርቷል፤ ቢቢኤም በሚል ስም ዛሬም የሚታወቀው እርሱ ነው። የሚያወጣው መደብ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። እናንተ የምትፈልጉት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ የእናንተ መደብ አንድ ብቻ ሆኖ 15 ሜትር ስፋት ያለው መሆኑ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ግን ከመደቡ አይደለም። በመጀመሪያ ከላይ ከተዳፋቱ የሚወርደውን ጎርፍ ሜዳችሁ ከመድረሱ በፊት መያዝ አለባችሁ። ከሜዳው በላይ በኩል፣ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ሜትር ያህል ርቆ፣ ተዳፋቱን አግድም የሚያቋርጥ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይውጣ። የቦዩ ዘቅዛቃነት በ100 ሜትር ርዝመት ግማሽ ሜትር ብቻ ይሁን። ቶሎ ይውጣ ብላችሁ ቁልቁል ካደረጋችሁት መረሬ ሲገመስ አያቆምምና በሁለት ክረምት ቦረቦር ትወልዳላችሁ። ብዙ ጊዜ ይህ አንድ ቦይ ብቻውን የችግሩን ግማሽ ያቃልላል፤ ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ በዚህ ላይ አውሉት።

ቀጥሎ ሜዳው እንደ አህያ ጀርባ መሐሉ ከፍ፣ ጎንና ጎኑ ዝቅ ይበል። ከመሐል እስከ ጠርዝ 7.5 ሜትር ስለሆነ በአንድ ሜትር 1.5 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ብትሰጡት መሐሉ ከጠርዙ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በዓይን አይታይም፣ አውሮፕላኑም ሲንደረደር አይሰማውም፤ ውሃው ግን ያውቀዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው አፈር 84 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። አፈሩን ከሌላ ቦታ አታምጡ፤ በሁለቱ ጠርዞች 3 ሜትር ስፋት ያላቸው፣ መነሻቸው 15 ሳንቲ ሜትር፣ መውጫቸው 45 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያላቸው፣ ከሁለቱም ጎን ወደ መሐላቸው የሚያዘቀዝቁ ለጥ ያሉ ቦዮች ስታወጡ ከሁለቱ 90 ሜትር ኩብ ታገኛላችሁ። የሚቆፈረውና የሚሞላው መመጣጠኑ ሥራውን ያረክሰዋል። ቦዩን ጠባብና ጥልቅ ለማድረግ የሚከራከር ሰው አይጠፋም፤ ለእርሻ ቢሆን እኔም አልቃወምም ነበር። ነገር ግን ጎነ ነፋስ የገፋው አውሮፕላን ከሜዳው መውጣቱ አይቀርም፤ ለጥ ያለ ቦይ ውስጥ ተንከባልሎ ሲገባ ይቆማል፣ ገደል ውስጥ ሲገባ ግን አፍንጫውን ይሰብራል።

ልኬቱን ለማውጣት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ግንበኞች ውሃ ልክ የሚያወጡበት፣ ውሃ የተሞላ ቀጭን ነጭ ጎማ፣ ችካልና ሲባጎ ይበቃል። የላይኛውን ሣር ከነሥሩ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል እየቀረፋችሁ ለብቻው አኑሩትና ቅርጹ ሲያልቅ መልሳችሁ አልብሱት፤ ሰርዶ ካለበት እንደ ወርቅ ያዙት፣ ሥሩ እየተሳበ አፈሩን ያስራል። አፈሩን በበሬ ማላላት ይቻላል፤ ማረሻችን ግን ይፈነቅላል እንጂ አፈር ወደ አንድ ወገን ስለማይገለብጥ ወደ መሐል የመሳቡ ሥራ በአካፋ ነው። ግሬደር የምታገኙ ከሆነ ጉልበታችሁን አትጨርሱ።

ወቅቱ ከሁሉ ይበልጣል። መረሬ የሚሠራበት ጊዜ አጭር ነው፤ ሲረጥብ ከአካፋ አይላቀቅም፣ ሲደርቅ በዶማ አይደፈርም። ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ በየሳምንቱ ጭብጥ አፈር አንሡና በመዳፋችሁ መካከል እንደ ክር አድቦልቡሉት። ሦስት ሚሊ ሜትር እስኪቀጥን ድረስ ሳይሰነጠቅ ከተሳበ ገና ነው። እዚያ ውፍረት ላይ ሲደርስ መቆራረጥ ከጀመረ ቀኑ ደርሷል፤ ባለ ግሬደሩን ጥሩ። ጨርሶ አልደቦለቦል ብሎ ከፈረሰ አልፏችኋል።

ውሃው የሚወጣበት አፍ ሳይታወቅ ግን አንድ ቦይ እንኳ አትቆፍሩ። ከእንጦጦ ወዲያ ያለው ውሃ ወደ ሙገርና ወደ አባይ ነው የሚሄደው፤ በእናንተና በወንዙ መካከል ግን ጎረቤት አለ። የሱሉልታ ድርቆሽ እንደምታውቁት የታወቀ ነው፣ እናንተን ያስመረራችሁ ውሃ ለድርቆሽ አጫጁ ሀብቱ ሊሆን ይችላል፤ ለሌላው ደግሞ የጤፍ ማሳውን የሚያጠፋ ጎርፍ ነው። የፈሰስ ጠብ በገጠር ስንቱን ሽማግሌ እንዳስቀመጠ የአካባቢውን ሰው ብትጠይቁ ይነግራችኋል። ስለዚህ ከባለ መሬቱና ከታችኛው ጎረቤት ጋር ቦታው ላይ ቆማችሁ፣ ውሃው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በእግራችሁ ተከትላችሁ ተስማሙ።

ቅርጹ ከወጣ በኋላ የሚያበላሸው የእናንተው እግር ነው። እርጥብ መረሬ ላይ የመኪና ጎማ አንድ ጊዜ ቢያልፍ ትቶት የሚሄደው ቦይ ሁለት ክረምት ውሃ ይይዛል፤ የከብት ኮቴም እንዲሁ ሺህ ትናንሽ ኩሬዎች ይሠራል። መኪና ከመንገዱ አይውረድ። ተረከዛችሁ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ የሚሰምጥ ከሆነ ወይም ዱካችሁ ውስጥ ውሃ የሚወጣ ከሆነ እናንተም ተመለሱ፣ ሣር ማጨጃውንም አታስገቡ። ከእረኞቹ ጋር ተነጋግራችሁ ከሐምሌ እስከ መስከረም ከብቱ በሌላ በኩል እንዲያልፍ አድርጉ። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ሜዳው ጨርሶ ባይነካ እመርጣለሁ፤ ሣሩ ሥር ካልሰደደ ጀርባው ይሟሟል።

ስለ አውሮፕላኖቹ አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም የሜዳው ርዝመት ለምን እንደሚያጥራችሁ ላይገባችሁ ይችላል ብዬ እሰጋለሁ። ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆናችሁ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። አንድ አውሮፕላን ከመሬት ለመነሣት የሚያስፈልገው ፍጥነት በዚህ የተነሣ 15 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ መንደርደሪያው ደግሞ ሞተሩ ምንም ጉልበት ባይቀንስ እንኳ ቢያንስ በአንድ ሦስተኛ ይረዝማል። በአምራቹ መመሪያ ላይ 30 ሜትር የተባለው እናንተ ዘንድ ደረቅ ሜዳ ላይ 40 ሜትር ይፈልጋል፤ ረጥቦ ያደገ ሣር ውስጥ ስንት እንደሚሆን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ጎማው ተይዞ ሙሉ ጉልበት እየሰጣችሁ የምትቆዩበት እያንዳንዱ ሰከንድ ሞተሩንና የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ያግላል። በክረምት ትልልቅ ጎማ ግጠሙ፣ የጎማ ሽፋኖቹን አውልቁ፣ ከፊት እግር ይልቅ ጅራቱ ላይ ትንሽ ጎማ ያለውን ምረጡ። ቀላል የፎም አውሮፕላን ያላችሁ ደግሞ ጎማውን ትታችሁ በእጅ ወርውሩ፣ በሆዱም አሳርፉ። ኩሬ ውስጥ የወደቀና የተጨረመተ የሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ቢደርቅም ዳግም ቻርጅ አይደረግ፤ ከቤት ውጭ፣ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ ሆኖ የማይሠራበት አንድ ሁኔታ አለ። በውሃ ልክ ማውጫው ጎማ ስትለኩ ከሜዳው እስከ ቅርቡ ወራጅ ውሃ ድረስ ምንም ዝቅታ ካጣችሁ፣ ቦያችሁም የሚሄድበት አጥቶ ራሱ ኩሬ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ብር አታባክኑ። ሜዳው የሚያልቅበትና ተዳፋቱ የሚጀምርበት ጥግ ላይ አፈሩ ከጥቁር ወደ ቀይ ሲለወጥ ታያላችሁ፤ ቀዩ አፈር ውሃ ያሳልፋል፣ ዝናብ ባቆመ ማግስትም ይረገጣል። ከዚያ ለሦስት ወር ብቻ 60 ሜትር ቦታ ተከራዩና ፎሞቹን በእጅ እያስነሣችሁ ክረምቱን አሳልፉ፤ ጥቁሩ ሜዳ ለበጋ ይሁን።

አሁን ነሐሴ ነውና ለልኬቱ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ዝናብ ባቆመ በሦስተኛው ቀን አንዳችሁ ብቻ፣ በቦቲ ጫማ፣ በጠርዝ በጠርዙ እየሄዳችሁ የተኛውን ውሃ ዳር ሁሉ ችካል ትከሉበት፤ ጥልቀቱንም በችካሉ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ፣ ውሃው ከየት እንደሚገባም ፎቶ አንሡ። ችካሎቹን እስከ ጥቅምት አትንቀሉ። ባለ መሬቱ ከብት ሲያስገባ እንዳይነቅላቸውም አስቀድማችሁ ንገሩት።